ባለ መነጽር .22 ጠመንጃ በአነስተኛ በጀት፦ ገንዘቡን የት ላይ ማዋል ይሻላል?

ጠመንጃ ሊገዛ የሄደ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሰደፉ ላይ ነው። የእንጨቱ ጅማት፣ የብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም፣ መቀርቀሪያው ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ልብ ይሰርቃል። የእኔንም ሰርቋል። የመጀመሪያዬን .22 ስገዛ በጀቴን አሥር እጅ ብታደርጉት ዘጠኙን ጠመንጃው ላይ አፍስሼ፣ በቀረችኝ አንድ እጅ መነጽሩንም፣ ማሰሪያ ቀለበቱንም፣ ጥይቱንም ገዛሁ። ያ ግዢ እንዴት እንዳለፋኝ ወደ ታች አወራለሁ። ከዚያ የተረፈኝ ትምህርት ግን አጭር ነው፦ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ጥይቱ የት እንደሚያርፍ በሚወስኑት ነገሮች ላይ ነው። እነሱም ቱቦው (አረሩ የሚወጣበት ረጅሙ ብረት)፣ ምላጩ፣ መነጽሩና ራሱ ጥይቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይደርሳል።

እዚህ የማወራው የድሮውን መልክ ስለያዘ ጠመንጃ ነው፤ የእንጨት ሰደፍ፣ የብረት አካል፣ በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ፣ ከላይ መጠነኛ መነጽር። ሥራው የወረቀት ዒላማ፣ ቆርቆሮ፣ ሲያስፈልግም ሰብል የሚያጠፋ ትንሽ አውሬ ነው። ርቀቱ ከ25 እስከ 100 ሜትር። ፈቃዱ እንዴት እንደሚገኝ፣ የትኛው አሠራር እንደሚፈቀድ፣ ካዝናው ስንት ጥይት መያዝ እንደሚችል ከአገር አገር ስለሚለያይ ያላችሁበትን ሕግ ቀድማችሁ አጣሩ። ፈቃድ ሳይኖር ዋጋ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

መጀመሪያ ካሊበሩ

ካሊበር ማለት የጥይቱ ውፍረትና ዓይነት ነው፤ .22 ማለት 0.22 ኢንች ገደማ ነው። ስማቸው የሚነሳው አምስት ናቸው፦ .22 ሎንግ ራይፍል፣ .22 ማግነም፣ .17 ኤችኤምአር፣ ከነሱ ከፍ ብለው ደግሞ .22 ሆርኔትና .223 ሬሚንግተን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ዘመድ ናቸው። እሳት የሚለኩሰው ቅመም ቀለሁ ታች መሐል ላይ ሳይሆን በቀለሁ ከንፈር ውስጥ ዙሪያውን ተቀብቷል፤ መቺው መርፌ ከንፈሩን ሲመታው ይቀጣጠላል። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ እንደገና አይሞላም። ሁለቱ ትልልቆቹ መሐሉን የሚመቱ ስለሆኑ ቀለሃቸው ይሞላል፤ ድምፃቸው፣ ዋጋቸውና ጉልበታቸው ግን ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ያልፋል።

.22 ሎንግ ራይፍል እ.ኤ.አ. በ1887 ከስቲቨንስ ፋብሪካ የወጣ ጥይት ነው። የተለመደው አረር 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። በመደበኛው ፍጥነት የተሠራው በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። ያ ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ስለሚያንስ ተኩሱ እንደ ጅራፍ አይጮኽም። የኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ ጥይት ነው፤ ባያትሎንም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ወደሱ ዞሯል። የዓለም ምርጥ ተኳሾች የሚተማመኑበት ጥይት በገበያው ላይ ካሉት ሁሉ ርካሹ ሆኖ መገኘቱ ለእኛ ለኪሰ ቀጫጮች ትልቅ ዕድል ነው።

.22 ማግነም እ.ኤ.አ. በ1959 የመጣ ነው። ያንኑ 2.6 ግራም አረር በሰከንድ 570 ሜትር አካባቢ ይወረውራል። .17 ኤችኤምአር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ የማግነሙን ቀለህ አንገት አጥብቦ 1.1 ግራም ብቻ የሚመዝን አረር በሰከንድ 775 ሜትር ገደማ አበረረ። በ100 ሜትር ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ነውና ያስቀናል። ይሁን እንጂ የአንዱ ጥይት ዋጋ ከሎንግ ራይፍሉ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ተኩስ የሚለመደው በመደጋገም ነው፤ በዓመት ሦስት መቶ ጥይት የሚተኩስና ሦስት ሺህ የሚተኩስ ሰው እኩል አይሆኑም። ዘወትር ከ100 ሜትር ባሻገር ትንሽ አውሬ የሚጠብቅ ገበሬ .17ን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ሌላው ሰው .22 ሎንግ ራይፍል ይግዛ፤ እዚህ ላይ አላመነታም። (የአየር ጠመንጃም አለ። ለ25 ሜትርና ከዚያ በታች ጥሩ አስተማሪ ነው። ባለ ስፕሪንጉ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚነቀንቅ ተራ መነጽር ይሰብራል፤ ለሱ ተብሎ የተሠራ መነጽር ይፈልጋል።)

አጎራረሱ

ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው ዓይነት ዝነኛ ነው። ሩገር 10/22 እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ፣ መለዋወጫው የትም የማይጠፋ ጠመንጃ ነው። ማርሊን 60 ከሱ አራት ዓመት ይቀድማል፤ ጥይቱን ከቱቦው ሥር ባለ ሌላ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይደረድራል። ሁለቱም ያስደስታሉ፤ ደስታቸው ግን ጥይት ይበላል። አሥሩን ጥይት በአሥር ሰከንድ ጨርሶ «የት መታሁ?» ብሎ መጠየቅ ይመጣል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ መቀርቀሪያቸውን በደንብ ለመግፋት ፈጣኑን ጥይት ይመርጣሉ፤ ለዒላማ የሚሻለው ደግሞ መደበኛው ነው።

እንደ ሄንሪ ያሉት ከምላጩ ሥር ባለ እጀታ የሚያጎርሱት ያምራሉ፣ ከእጅም ይገባሉ። መነጽር ሲጫንባቸው ግን ውበታቸው ይጠፋል፤ በሆድ ተኝቶ ለመተኮስም እጀታው መሬት ይነካል።

የቀረው በእጅ የሚሳበው ነው። አንድ ተኩስ፣ አንድ መሳብ፣ አንድ ትንፋሽ። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚያንሰው በትንሽ ገንዘብ ጥሩ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ በዚሁ ዋጋ ካለው ራሱ አጉራሽ ጋር ሲነጻጸር ጥይቶቹን አንድ ቦታ የመሰብሰብ ዕድሉ የተሻለ ነው። ቱቦው ረጅም መሆን አለበት ብለው የሚከራከሩ አሉ። .22 ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ በ40 ወይም 45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ይጠቅመዋል፣ መነጽር ለገጠመ ሰው ግን ክብደት ብቻ ነው።

አዲስ ከሆነ የትኛው?

ሦስት ስሞች ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር ከሲዜዱ ርካሽ ነው። ምላጩ በባለቤቱ ይስተካከላል፣ የ10/22ን ካዝና ይጎርሳል፣ መቀርቀሪያው ትንሽ ብቻ ስለሚነሳ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። መሠረታዊው ሞዴል ሰደፉ ፕላስቲክ ነው። ዝናብ አይፈራም፤ ግን የድሮውን መልክ ብሎ የመጣ ሰው ሲያንኳኳው እንደ ባዶ ጀሪካን ይሰማዋል።

ሳቬጅ ማርክ 2 የእንጨት ሰደፍ ያለው ሞዴል አለው። የኩባንያው አኩትሪገር የሚባለው ምላጭ መሐሉ ላይ ቀጭን ምላስ አለው፤ ምላሷ ካልተጫነች ዋናው ምላጭ አይለቅም። በዚህ ምክንያት አደጋ ሳይፈጥር በጣም ቀላል ማድረግ ይቻላል። በዚህ ዋጋ ክልል ይህን የመሰለ ምላጭ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ለግራኝ ሰው የተሠራም ስላለው ግራኞች መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ። ደካማ ጎኑ አጨራረሱ ነው፦ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሻካራ ነው፣ እንጨቱም ቫርኒሽ የተቀባ ተራ እንጨት ነው። ቱቦው ግን ጥሩ ይመታል።

ሲዜድ 457 ከሦስቱ ውዱ፣ ለኔም የሚወደደው ነው። በቼክ አገር ኡኸርስኪ ብሮድ ከተማ ይሠራል። ከሱ በፊት የነበሩት 452 እና 455 መቀርቀሪያቸው 90 ዲግሪ ስለሚነሳ ዝቅ ብሎ የታሰረ መነጽር እጀታውን ይከለክል ነበር፤ በ457 ወደ 60 ዲግሪ ወረደ። የጥንቃቄ ቁልፉም ተገለበጠ። በድሮዎቹ ለመተኮስ ወደ ኋላ ይሳብ ነበር፣ በአዲሱ እንደ ሌሎቹ ጠመንጃዎች ወደ ፊት ይገፋል። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚይዝ ሰው ይህን ልብ ይበል።

457 በብዙ ዓይነት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሉክስ የሚባለው ከሁሉ ቆንጆው ነው፦ የዋልነት እንጨት፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ሰደፍ፣ ረጅም ቱቦ፣ ርቀቱ የሚስተካከል የብረት ማነጣጠሪያ። ሰደፉ የተቀረጸው ለዚያ ብረት ማነጣጠሪያ ስለሆነ ጉንጭ ዝቅ ብሎ ያርፋል። መነጽር ሲጫንበት ዓይን ከመስታወቱ ሥር ይቀራል፤ ተኳሹ አገጩን ሰደፉ ላይ አስደግፎ አንገቱን እንደ ሰጎን ይሰግጋል። አሜሪካን የሚባለው ዓይነት የብረት ማነጣጠሪያ የለውም፣ የሰደፉ ጀርባም ቀጥ ያለ ነው። መነጽር ልትገጥሙ ከሆነ ሉክሱን በዓይናችሁ አድንቁና አሜሪካኑን ግዙ።

ያገለገለ

እውነቱን ለመናገር በትንሽ ገንዘብ ትልቁ ዕድል ያለው እዚህ ነው። .22 ጠመንጃ በተኩስ ብዛት አያረጅም። አረሩ ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ባሩዱም ጥቂት ነው፤ የሠላሳና የአርባ ዓመት ቱቦ እንደ አዲስ ሲመታ አይቻለሁ። ቱቦውን የሚያበላሸው ተኩስ ሳይሆን ጽዳት ነው። ሰው በብረት ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል እየወጋ የመጨረሻዋን ጠርዝ ይሞርዳል፤ አረሩ ከመውጣቱ በፊት የሚነካት የመጨረሻ ነገር እሷ ናት።

ሲዜድ 452፣ ብርኖ የሚል ማኅተም ያለባቸው የድሮ ቼኮች፣ የቱላው ቶዝ-8 (አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ ምንም የማይሰበርበት)፣ ከተኩስ ክለብ የወጣ አንሹትዝ 64፤ እነዚህን ሳገኝ ሁልጊዜ ቆም ብዬ አያለሁ። አንሹትዙ ለውድድር የተሠራ ከሆነ ከባድ ነው። ከጠረጴዛ ላይ ይደንቃል፣ ትከሻ ላይ አንግቶ ሜዳ ለሜዳ ለሚዞር ግን ቅጣት ነው።

ስመረምር እንዲህ አደርጋለሁ። ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጣለሁ። ቀጥሎ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አወጣና የአፈሙዙን የውስጥ ጠርዝ ቀስ ብዬ ዙሪያውን አስሼ አያለሁ። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ከዞረ ደህና ነው፤ የጥጥ ክር አንድ ቦታ ላይ ተይዞ ከቀረ እዚያ ጉርድ አለ ማለት ነው። በኋላ በኩል ደግሞ ጥይቱ የሚጎርስበትን አፍ በጥፍሬ ጫፍ እዳስሳለሁ። ያለ ጥይት ምላጭ መሳብ የሚወድ ባለቤት የነበረው እንደሆነ መርፌው ባዶውን ብረት እየመታ ትንሽ ጎድጓዳ ሠርቶ፣ ብረቱን ወደ ውስጥ ገፍቶት ይገኛል፤ በዚህ ምክንያት ቀለሁ ይነክሳል። የሚቻል ከሆነ አምስት ጥይት ይተኮስና ቀለሆቹ ይታዩ። የመርፌው ምልክት በአምስቱም ከንፈር ላይ እኩል ጥልቀት ይኑረው፣ አንዱም ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ አይሁን።

የሰደፉ ብሎኖችም ይናገራሉ። ጭንቅላታቸው በካቻቢቴ ተበላልቶ ከሆነ ከዚህ በፊት ፈትቶ የሞከረ የማያውቅ እጅ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻም የጥንቃቄ ቁልፉ ተዘግቶ ምላጩ ይሳብ፣ ይለቀቅ፣ ከዚያ ቁልፉ ይከፈት። ቁልፉ ሲከፈት መርፌው በራሱ ከወደቀ ያን ጠመንጃ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ካዝናው መኖሩንም ጠይቁ፤ የአንዳንድ የድሮ ጠመንጃ ካዝና ከጠመንጃው በላይ ያስፈልጋል።

መነጽሩ

አሁን ወደ ገባሁበት ጉድጓድ። ያ የመጀመሪያው መነጽሬ 6–24×50 ነበር፣ ማለትም ከ6 እስከ 24 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊተኛው መስታወቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፤ ትልቅ ቁጥር፣ ትንሽ ዋጋ። 24 ጊዜ አጉልቶ ያሳያል ተብሎ ማን እምቢ ይላል? በ50 ሜትር አምስት ጥይት ስተኩስ አንዳንዱ ቀን በአውራ ጣት ይሸፈናል፣ አንዳንዱ ቀን መዳፍ ያህል ይበተናል። ቱቦውን ጠረጠርኩ። አጸዳሁት፣ ጥይት ቀየርኩ፣ ሰደፉን ፈትቼ መለስኩ። የተኩስ ሜዳው ላይ ሁልጊዜ ጥግ ይዘው የሚቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን ጠመንጃዬን ተቀብለው መነጽሩን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ጠቅ አለ።

«ይህ ቤቱ ውስጥ የሚጨፍር መነጽር ነው» አሉኝ።

«ብሎኑን ትናንት ነው ያጠበቅሁት፣ ጋሼ።»

«ብሎኑ ጠብቋል። ቀለበቱ ነው ያልያዘው። ለመሆኑ ይኼ መስታወት ለስንት ሜትር ተብሎ የተሠራ ነው?»

አላውቅም ነበር። ከቦርሳቸው ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ ባለ 4×32 መነጽር አውጥተው ከነቀለበቱ አሰሩልኝ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ጥይት፣ አምስቱ ጥይቶች በአንድ ሳንቲም ተሸፈኑ። ቤቴ ስገባ ደስታም እፍረትም ነበረብኝ።

ጋሼ የጠየቁኝ ጥያቄ ፓራላክስ ስለሚባለው ነገር ነው። ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁማችሁ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ራሳችሁን ብትነቀንቁ ጣቱ ከጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር የሚንሸራተት ይመስላል። በመነጽር ውስጥም የሚነጣጠርበት መስቀል ከዒላማው አንጻር እንዲህ ይንሸራተታል፤ የማይንሸራተትበት አንድ ርቀት ብቻ አለ፣ እሱንም ፋብሪካው ይወስነዋል። ለትልልቅ ጠመንጃ የሚሠሩት መነጽሮች አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜትር ገደማ ላይ ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ለ.22 የሚሠሩት ደግሞ 50 ሜትር ገደማ ላይ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የፊተኛው መስታወት 40 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለ100 ሜትር የተስተካከለውን በ50 ሜትር ብትጠቀሙበት፣ ዓይናችሁ ከመሐል ወደ ጠርዝ ሲሄድ ስሕተቱ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በ25 ሜትር ደግሞ 15 ሚሊ ሜትር። የዓለም አቀፉ የ50 ሜትር ዒላማ አሥር ቁጥር ጠቅላላ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። ጉንጫችሁ በየተኩሱ ቦታ እየቀያየረ ከሆነ አሥሩን በመነጽሩ ብቻ አጥታችሁታል ማለት ነው።

ስለዚህ በሳጥኑ ላይ «ሪምፋየር» (ከንፈሩ ለሚመታ ጥይት የተሠራ) የሚል ቃል ፈልጉ፤ ወይም ፊት ለፊት ያለው ቀለበት እየዞረ ለርቀቱ የሚስተካከል ይሁን። ከማጉላት ኃይሉ ይልቅ ይህ ይቅደም።

የማጉላቱ ነገር እንዲህ ነው። ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት የፊተኛው መስታወት ለማጉላቱ ሲካፈል ይገኛል። 40 ለ9 ሲካፈል 4.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ ደህና ነው። የኔው 50 ለ24 ሲካፈል 2.1 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ወደ ማታ ገደማ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። በተጨማሪም ርካሽ መነጽር ብዙ ሲያጎላ የዒላማውን ጭጋግ ነው አብሮ የሚያጎላው። ለሁሉ ሥራ የሚበቃው 2–7×32 ወይም 3–9×40 ነው። በጀቱ እጅግ ካነሰ የማይለዋወጠውን 4×32 ግዙ። ውስጡ ያለው መስታወትና የሚንቀሳቀስ ነገር ጥቂት ስለሆነ በዚያው ዋጋ የተሻለ መስታወት ይገባበታል። 24ን በ4 መለወጥ ውርደት የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ለውጬ አይቼዋለሁ፣ አልተዋረድኩም።

መነጽሩ ታማኝ መሆኑን ለማወቅ የሳጥን ሙከራ አድርጉ። በ50 ሜትር አንድ ነጥብ ላይ እያነጣጠራችሁ፣ የመነጽሩን ማስተካከያ ቁልፎች 40 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 40 ወደ ቀኝ፣ 40 ወደ ታች፣ 40 ወደ ግራ እያዞራችሁ በየማዕዘኑ ሦስት ጥይት ተኩሱ። ብዙዎቹ መነጽሮች አንዷ ጠቅታቸው በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር፣ በ50 ሜትር 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ታንቀሳቅሳለች። ስለዚህ ጎኑ 14.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሠርቶ የመጨረሻው ጥይት መጀመሪያው ቦታ ላይ መውደቅ አለበት። ሳጥኑ ከተጣመመ ወዲያው መልሱት፤ ደረሰኙን እስከዚያ ቀን አትጣሉ።

ማሰሪያው

ሰው የሚንቀው ግን ብዙ ጣጣ ያለበት ዕቃ ይህ ነው። የቼኮቹና የአንሹትዙ ጀርባ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ አለው፤ ቀለበቱ በቀጥታ እዚያ ላይ ይነክሳል። ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ በብሎን የሚታሰር ሐዲድ ይፈልጋሉ፤ ለሐዲድ የተሠራ ቀለበት ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። የኔ ጥፋት አንዱን ለሌላው የተሠራ ነገር ገዝቼ በጉልበት ማጥበቄ ነበር። ቦዩም ራሱ ማዕዘኑ ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያል፤ ስለዚህ የጠመንጃውን ስም ጠርታችሁ «ለዚህ የሚሆን» ብላችሁ ግዙ። የመነጽሩን ውፍረትም አትርሱ፣ 25.4 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍታው ደግሞ መስታወቱ ቱቦውን ሳይነካ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ይበል።

ብሎኑን በመስቀለኛ ተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። የላይኞቹ የቀለበት ብሎኖች ሁለት ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ በሁለት ጣት አጥብቆ እንደ መዝጋት ያህል ነው። ከዚያ በላይ የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል።

ጥይቱ

ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ጥይት ላይወዱ ይችላሉ። የ.22 ጠባይ ይህ ነው። ስለዚህ ስትገዙ አንድ ሣጥን ሙሉ አትጫኑ፤ አምስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ግዙ። በአብዛኛው መደበኛ ፍጥነት ያላቸውን ምረጡ፤ ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ ከኤሌይ ርካሹ ደህና መነሻ ናቸው። ዓይነት በቀየራችሁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥይቶች አትቁጠሯቸው። አረሩ የተቀባው ሰም ቱቦው ውስጥ እስኪለመድ ጥይቱ ይበተናል።

ከያንዳንዱ ዓይነት አምስት አምስት ጥይት፣ አምስት ጊዜ ተኩሱና አማካዩን ውሰዱ። ሦስት ጥይት አንድ ቀዳዳ ገባ ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው አትመኑ፤ ሦስት ጥይት ዕድልም ያስገባዋል።

ፈጣኑ ጥይት ለምን አይሻልም የሚል አይጠፋም። ከድምፅ በላይ ፈጥኖ የወጣው አረር በመንገዱ ላይ ከድምፅ በታች ሲወርድ ይናወጣል። ደግሞ የሚገርመው፣ በ100 ሜትር ላይ የጎን ነፋስ ፈጣኑን .22 ከመደበኛው የበለጠ ይገፋዋል። ቁጥሩ አያታልላችሁ።

በጀቱ ሲከፈል

የኔ ክፍፍል አሥር እጅ ገንዘብ ቢኖር አምስቱ ለጠመንጃው፣ ሁለት ተኩሉ ለመነጽሩ፣ ግማሽ እጁ ለቀለበቱ፣ ሁለቱ ለጥይትና ለጆሮና ለዓይን መከላከያ ነው። ይህ ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነው፤ «አዲስ ሲዜድ ልግዛ፣ መነጽሩ ይቆያል» ይላል። በዚህ ክፍፍል አዲስ ሲዜድ የማይደረስበት ከሆነ ያገለገለ 452 ፈልጉ፣ እሱም ከሌለ ሳቬጁን በእንጨት ሰደፍ። ገንዘቡ ከሁሉ ያነሰ ከሆነ ቶዝ-8 ወይም መሰሉ አንድ አንድ የሚጎርስ፣ ላዩ ላይ 4×32፤ ይህ ጥምረት ከጥሩ ጥይት ጋር በ50 ሜትር አያሳፍርም። መነጽር ለመቀበል ጀርባው ቦይ እንዳለው ግን አስቀድማችሁ እዩ፤ ከድሮዎቹ የሌላቸው አሉ። ሩገር አሜሪካኑን የምመክረው ዝናብና ጭቃ ውስጥ ለሚኖር፣ መልኩ ለማይገደው ሰው ነው።

አንድ ነገር በጀት ውስጥ የለም፣ ግን ይግባ፦ ከዒላማው ጀርባ አረሩን የሚውጥ የአፈር ግድግዳ። ይቺ ትንሽ ጥይት እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ልትጓዝ ትችላለች፣ ድንጋይና ውኃ ላይም ትነጥራለች።

ስታስተካክሉ በ25 ሜትር ጀምሩ፤ እዚያ አንዷ ጠቅታ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው የምታንቀሳቅሰው፣ ስለዚህ ብዙ ጠቅታ ማዞር አያስደንግጣችሁ። ከዚያ ወደ 50 ሜትር ሂዱና መሐሉ ላይ አድርጉት። የመነጽሩ መሐል ከቱቦው መሐል 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጥይቱም መደበኛ ከሆነ፣ ከ15 እስከ 50 ሜትር ባለው ርቀት አረሩ ከመስቀሉ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይርቅም። ከዚያ ወዲያ በፍጥነት ይወርዳል። የራሳችሁን ቁጥር በወረቀት ላይ ተኩሳችሁ አረጋግጡና በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ሰደፉ ላይ ለጥፉት። የኔዋ እንዲህ ትላለች፦ «እስከ 50 ሜ. መሐሉን። 75 ሜ. 8 ሴ.ሜ. ከፍ። 100 ሜ. 22 ሴ.ሜ. ከፍ፣ ወይ 30 ጠቅታ፤ መመለስ እንዳትረሳ።»